ከድሬዳዋ የተቆረጠው ትኬት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ አሥራ አንድ የተማሪ ቀሚስ ጨረስኩ። መርፌ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ። ሉባባ ከጎን ካለው ሱቋ ብቅ ብላ "ቦጌ፣ ዛሬ የተበላሸው ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?" አለችኝ። ማሽኑ ነው አልኳት። ውሸት።

ትኬቱ በስልኬ መጣ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ህንድ። ዓርብ ጥቅምት 29። ስሜ በእንግሊዝኛ በትልቁ ተጽፏል። አይቼው ደነገጥኩ... የገዛ ስሙን አይቶ የሚደነግጥ ሰው አለ?

ከትኬቱ ጋር የሲፈን የድምፅ መልእክት፤ "እትዬ፣ ከድሬዳዋ ይሁን ያለው ቶላ ነው። ከጭሮ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ያደክማታል አለ። የሆስፒታሉ ኮሚቴ ኅዳር 3 ያየናል። ከፈቀደ ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ነው። ያን ቀን ካመለጠን ቀጣዩ ስብሰባ ከወር በኋላ ነው። ዶክተሩ ደግሞ ወር አይቆይም ብሎናል።"

ቶላ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። ሚስቱ ሲፈን ይዛው ህንድ ከገባች አራተኛ ወሯ። የኔ ኩላሊት እንደሚስማማው ምርመራው አሳይቷል። አንዱን እሰጠዋለሁ። ይኸው ነው። ሲጻፍ እንዴት አጭር ነው።

ሁለት አውሮፕላን ግን... ለምን ሁለት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አውሮፕላን በሕልሜ አየሁ። ወንበር የለውም። ሁላችንም ቆመን ነው የምንሄደው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ኢዛናን ሱቄ ጠራሁት። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ትኬቱንና ከሥሩ ያለውን የአየር መንገዱን ደንብ አሳተምኩና አንድ በአንድ አስነበብኩት። ደንቡ ሰባት ገጽ። ፊደሉ እንደ ቁንጫ።

መቀስ በእጅ ቦርሳ አይገባም። በሚጫነው ሻንጣ ይገባል። መርፌስ? "እትዬ ቦጋለች፣ ህንድ ሄደው ሊሰፉ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። እጄ ሥራ ሲፈታ ነው የምረበሸው፣ እሱን ግን አልነገርኩትም። ሻንጣው ከሃያ ሦስት ኪሎ እንዳይበልጥ። ቅቤ በደንብ ከታሸገ ይሄዳል። ማር ፈሳሽ ነው አይደለም በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።

"ደም ግፊት ያለበት ሰውስ አይከለከልም?"

"አይከለከልም።"

"ሳል የያዘው?"

"ያስልዎታል እንዴ?"

አያስለኝም። አይከለከልም ሲለኝ ግን ቅር ያለኝ መሰለኝ። ምን ፈልጌ ነው የምጠይቀው?

አምስተኛው ገጽ ላይ "በረራዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይጠቀሙ ነው የሚለው" አለኝ። "ታዲያ መጀመሪያ ህንድ ደርሼ ከዚያ ድሬዳዋ ልሳፈር ነው?" አልኩት። ተሳሳቅን። ገጹን ገለበጠው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ፓስተር ቢቂላ ከጉባኤው ፊት አውጥቶ ጸለየልኝ። "ይህች ደፋር እህታችን" አለ። ሦስት ጊዜ ደፋር አለኝ፤ ቆጠርኩት። ሰው ሁሉ አሜን ይላል። ሲወጡ እናቶች ግንባሬን ሳሙኝ፣ አንዷማ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለማን ነው ፈርቻለሁ የሚባለው?

አውሮፕላኑን እፈራለሁ። ቢላዋውን እፈራለሁ። ተኝቼ አለመንቃትን እፈራለሁ። ጻፍኩት። ለሰው ግን አልናገረውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ትንሽ ቀለል አለኝ። መላ አገኘሁ።

ከድሬዳዋ ለምን እሳፈራለሁ? አዲስ አበባ በመኪና እሄዳለሁ፣ ከዚያ የህንዱን እሳፈራለሁ። አንድ አውሮፕላን ተቀነሰ ማለት ነው። እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም! ቤቴ ያለባት ጭሮ እኮ በድሬና በአዲስ አበባ መሐል ናት፤ ወደ ድሬ ወደ ኋላ ተጉዤ፣ ከዚያ በራሴ ቤት ጣሪያ ላይ በርሬ ላልፍ?

ደግሞ ያልለመድኩት ነገር አይደለም። የድሬ መኪና ጭሮ ሲደርስ ሁሌም ሙሉ ነው። ጨርቅ ልገዛ አዲስ አበባ ስሄድ ለረዳቱ እደውልና ከድሬ ጀምሮ ያለውን ሙሉ ሒሳብ እከፍላለሁ። ወንበሬ ባዶውን ሂርናን አልፎ ይመጣል። ሂርና ላይ ሰው ሊቀመጥበት ሲል ረዳቱ "ተይዟል፣ ጭሮ ላይ ባለቤት አለው" ይላል። እኔ ከሱቄ በር እሳፈራለሁ። አንድም ቀን ለምን ከድሬ አልተነሳሽም ያለኝ የለም። ከፍያለሁ፣ ወንበሩ የኔ ነው።

ሉባባን አማከርኳት። "ትክክል ነሽ ወላሂ! ባዶውን ቢሄድ እንደውም ቀለላቸው" አለች።

ለሲፈንና ለቶላ አልነገርኳቸውም። ለምን ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልላቸው ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቶላ ደወለ። ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ሁለት ቃል ይልና ያርፋል። "እትዬ... ድሬዳዋ ማን ጋ... ታድሪያለሽ?" ልጅ ሳለ ሮጦ ሲመጣ እንደሚያደርገው ያለከልካል። ሰው አላጣም አልኩት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

አዲስ አበባ ገባሁ። ትዕምርት ቤት ነኝ፣ ገርጂ። ድሮ ጭሮ አብራኝ ኳየር የዘመረች ናት።

መንገዱ ደስ አለኝ፣ በእውነት። ሚኤሶ ላይ ሻይ ጠጣሁ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ገደለን። ጎማው መሬት ነክቶ ነው የሚሄደው፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ሻንጣዬን በትዕምርት ሚዛን መዘንኩት፣ ሃያ ሁለት ተኩል። መቀሱ ታች ነው፣ በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ማሩን ተውኩት። ደንቡን ሁሉ ጠብቄያለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

በረራው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ኤርፖርት ገባሁ። ሻንጣዬ ሚዛን ላይ ወጣ፣ ሃያ ሁለት ተኩል፤ ኮራሁ። ልጅቷ ደረቷ ላይ "ሀሚዳ" የሚል ስም ለጥፋለች። ፓስፖርቴን አየች። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገች። ደገመች። ሠለሰች።

"እናት፣ ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ አልነበሩም?"

"አልነበርኩም። በመኪና መጣሁ።"

"ለአየር መንገዱ አሳውቀዋል?"

"ምን ብዬ ላሳውቅ? የራሴ ወንበር ነው፣ ተከፍሎበታል። ባዶውን ይምጣ ብዬ ነው።"

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። ከዚያ በቀስታ፣ "ድሬዳዋ ላይ ስላልተገኙ ቀሪው በሙሉ ተሰርዟል። ከዚህ ወደ ህንድ ያለውም፣ መመለሻውም" አለች።

"እኔ እኮ እዚህ ነኝ። ይኸው ቆሜያለሁ።"

"አያለሁ እናት። ግን የመጀመሪያው በረራ ላይ ያልተሳፈረ ሰው ጉዞውን እንደተወ ነው የሚቆጠረው። ደንቡ ነው። ከመነሻው ሰዓት በፊት ደውለው ቢሆን ኖሮ ይስተካከል ነበር።"

በቅደም ተከተል... አምስተኛው ገጽ። ስቄበታለሁ።

አሁን የሚመጣውን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። ተሰርዟል ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም። ከደረቴ ላይ አንድ ከባድ ነገር ወረደ። ደስ አለኝ። አልበርም፣ አልታረድም፣ ጥፋቱም የኔ አይደለም፣ የደንብ ነው። ሦስት ወይ አራት ጊዜ እስክተነፍስ ድረስ ቶላ የሚባል ሰው ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ተመልሶ መጣ።

ሀሚዳ በጣቷ አሳየችኝ። "ያ የትኬት መስኮቱ ነው። አሁኑኑ ይሂዱ፣ ቦታ ይፈልጉልዎታል።" እሺ አልኳት። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሄድኩ... በመስኮቱ በኩል አለፍኩ። በሩ ጋ ደረስኩ። ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ማንም አላባረረኝም። ራሴ ነኝ ያለፍኩት። ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት እህት ነኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጠዋት ለሁሉም ደወልኩ። ተሰረዘ አልኩ፣ መስኮቱን ማለፌን አልነገርኩም።

ፓስተር ቢቂላ፤ "እህቴ፣ መንገድ ሲዘጋ ጌታ ምክንያት ይኖረዋል። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል።" ሉባባ አለቀሰች። "ጥፋቱ የኔ ነው ወላሂ፣ እኔ ነኝ አይዞሽ ያልኩሽ። ሂን ሶዳቲን ቦጌ፣ አትፍሪ፣ አላህ ሌላ መንገድ ይከፍታል። ነይ ወደ ቤትሽ።" ትዕምርት ቁርስ አቀረበችልኝ፣ እንደ ሐዘንተኛ ነው የምታየኝ። ሁሉም ደግ ነው። ሁሉም የቤቴን በር ይከፍትልኛል።

ሲፈን ጋ ስደውል ማልቀሷ ብቻ ነው የተሰማኝ።

ከዚያ የቶላ የድምፅ መልእክት መጣ። "እትዬ... ግዴለም። ተመለሺ። ይሄን ሁሉ ዓመት... አሳድገሽኛል። አልቀየምም። ከልቤ ነው... የምልሽ።" አርባ ሰከንድ ነው። ከአርባው ሃያው ትንፋሽ ብቻ። አምስት ጊዜ ሰማሁት። ትንፋሹን ነው የሰማሁት፣ ቃሉን አይደለም። ወር አይቆይም።

ብመለስ ምን ይለኛል ሰው? ምንም። ያንን ነው የፈራሁት። ምንም አይለኝም። አይዞሽ እያለ ቀሚስ ያሰፋኛል።

ተነስቼ ኤርፖርት ሄድኩ። ትዕምርት ልሸኝሽ ስትል እንቢ አልኳት። መስኮቱ ጋ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሰውዬው ኮምፒውተሩን አይቶ "ትናንትና መጥተው ቢሆን የዛሬው ቀጥታ በረራ ላይ ቦታ ነበረ። አሁን ሞልቷል" አለኝ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከማክሰኞ በፊት የሚያደርሰኝ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ነገ እሑድ፣ በሙምባይ በኩል። ሙምባይ ወርጄ ሌላ አውሮፕላን እሳፈራለሁ። አንዱን አጭር በረራ ሸሽቼ ሁለት ረጅም አገኘሁ። የሥራዬ ነው።

"ከሙምባይ በመኪና ልሄድ አልችልም?" አልኩት።

"አይ እናት!" አለና ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ተወው። "ከአንድ ቀን በላይ መንገድ ነው።"

ቅጣቱንና የዋጋ ልዩነቱን ለአዲስ ማሽን ባስቀመጥኩት ከፈልኩ። ከዚያ ከመስኮቱ አልነቃነቅ አልኩ። ከኋላዬ ሰው ያጉረመርማል። ደንቡን ሁሉ አስነበብኩት፣ አሁን ግን ስለ መቀስ አይደለም። ምን ካላደረግኩ ነው የሚሰረዝብኝ? ስንት ሰዓት ላይ መድረስ አለብኝ? የመጀመሪያው ቢዘገይስ? "የኛ አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ ኃላፊነቱ የኛ ነው፣ በቀጣዩ እናሳፍርዎታለን። እርስዎ ዘግይተው ካመለጠዎ ግን የእርስዎ ነው" አለኝ። ሻንጣዬስ? ሙምባይ ላይ ራሴ አውጥቼ፣ ጉምሩክ አሳይቼ፣ እንደገና አስረክባለሁ። ካላወጣሁት እዚያው ይቀራል። ሁሉንም እጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ወረቀት ይጠፋል፣ እጅ አይጠፋም።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ውስጥ ነኝ። አየር ላይ።

ሲነሳ ጮህኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ውሃ ሰጠኝ። የምጽፈው ዓይኔን ከመስኮቱ ለማራቅ ነው።

ክንፉ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ነገር እንዴት ይይዛል? አስተናጋጇን ጠየቅኳት፣ እንዲህ ነው የተሠራው አለችኝ። ቀበቶዬን አራት ጊዜ አጠበቅኩት። ምግብ አመጡ፣ አልነካሁትም። ላቤ መዳፌን አርሶት ጽሑፉ እየለቀቀ ነው። ሻንጣ አውጪ የሚለው አለ። የበሩ ቁጥር ጠፍቷል።

ጌታ ሆይ። ጌታ ሆይ። ሌላ ጸሎት አይመጣልኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ደረስኩ።

ሙምባይ ላይ ሻንጣዬ ሳይወጣ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወደ ሁለተኛው በረራ ይሮጣል፤ ልከተላቸው? መዳፌን አየሁ። አልተከተልኩም። የመጨረሻው ሻንጣ የኔ ነበር። ሮጬ አስረከብኩት፣ በሩን ሦስት ሰው ጠይቄ አገኘሁት። ሊዘጉት ሲሉ ገባሁ። ሁለተኛው ሲነሳ አልጮህኩም። ድፍረት አይደለም፣ ድምፅ አልቆብኝ ነው።

ቶላን አየሁት። ፊቱ አብጧል፣ እግሩ አብጧል፣ መሐሉ ግን አልቋል። አልጋው ላይ ቀና ሊልልኝ ሞከረ፣ አልቻለም። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ሲፈን ጭንቅላቴን አቀፈችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ለጋሽ ተገድዶ እንዳይሆን የሚያጣራው ኮሚቴ አምስት ሰው ነው፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ። ቶላ በተሽከርካሪ ወንበር አጠገቤ። በሌላ ጎኔ ብሩኬ፣ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ፣ የአገራችን ልጅ ነው። መሐል የተቀመጠችው ሽበታም ሴትዮ ናት የምትጠይቀው።

"ያስገደደሽ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ቤተሰብ? የእምነት ሰዎች? ገንዘብ የሰጠሽ?"

"የለም።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ብሩኬ ተረጎመልኝ፤ "እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ የለም ነው የሚለው። በፈቃድሽ መምጣትሽን እኛ በምን እንወቅ?"

በምን ያውቃሉ? ምን ወረቀት አለኝ? በዚህች ጥያቄ ሊቀር ነው እንዴ ነገሩ?

ከዚያ ትኬቱን ነገርኳት። ከጅምሩ። ከድሬዳዋ እንዳልተሳፈርኩ፣ ያልተሳፈርኩትም ፈርቼ እንደሆነ፣ ጉዞውን እንደተወች ተቆጥሬ እንደተሰረዘብኝ። "ሲሰረዝብኝም ደስ አለኝ" አልኩ። ብሩኬ ቆም አለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይሄን ልተርጉመው?" አለኝ። ተርጉመው አልኩት። ወደ ቶላ አላየሁም።

"መስኮቱን አልፌ ሸሸሁ። በማግስቱ ተመለሺ ያላለኝ ሰው የለም። ፓስተሬ ብሎኛል። እሱ ራሱ፣ ይኸው፣ ተመለሺ ብሎኛል። ቤቴ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ማንም አያማኝም፣ ትኬት ተሰርዞባት ነው ነው የሚሉት። እንድመጣ የሚያስገድደኝ ቀርቶ፣ እንድቀር ነው ሁሉም የለመነኝ።"

"ታዲያ?" አለች ሴትዮዋ። ይቺን እንኳን ሳትተረጎም ገባችኝ።

"ታዲያ ይኸው። በሁለት አውሮፕላን መጣሁ።"

ብሩኬ ሲጨርስ አምስቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ትንሽ አየችኝ። ፈረመች። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ገፋችው፣ እነሱም ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ ሲፈን ወረቀት ልታስገባ ስትሄድ ሁለታችን ቀረን። ወንበሩን እገፋለሁ። ፊቱን አላይም፣ ፊቴን አያይም።

"እትዬ... እውነት ደስ አለሽ?"

"አዎ። ትንሽ።"

አበቃልኝ አልኩ።

"ተሰረዘ ስትዪኝ... እኔንም ደስ አለኝ" አለ። "ያ ክፍል ውስጥ... መግባት እፈራለሁ። ለሲፈን እንኳን... አልነገርኳትም።"

ወንበሩን አቆምኩት። ዞሬ ከፊቱ ቁጢጥ አልኩ። ሳቅን። እያለቀስን ነበር መሰለኝ። አንዲት ነርስ ቆማ ታየናለች።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ሁለታችንም በጣም ፈርተናል። አንድ ላይ እንገባለን።